ለጋሼ ብላችሁ አትሸነፉ

ስልካችን ላይ የሚዞሩት የጁጂትሱ ቪዲዮዎች ይመሳሰላሉ። ሁለት ጎረምሶች ይያያዛሉ፣ አንዱ ይወድቃል፣ ክንድ ይቆለመማል፣ በ15 ሰከንድ ሁሉም ነገር ያልቃል። ሽበት ያለው ሰው ብዙም አይታይም። የእውነቱ ምንጣፍ ላይ ግን አሰልጣኙ «ጥንድ ጥንድ ሁኑ» ሲል ፊታችሁ የሚቀመጠው አባታችሁን የሚያክል ሰው ሊሆን ይችላል። ያኔ ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙ ወጣት ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንደኛው ጉልበቱን ሊያሳይ ይነሳል። ሁለተኛው፣ በተለይ እኛ ሀበሾች ዘንድ፣ «ትልቅ ሰው ናቸው» ብሎ ሆን ብሎ ይሸነፋል። በእኔ እምነት ሁለቱም ንቀት ነው።

ስፖርቱን ለማታውቁት፦ የብራዚል ጁጂትሱ ቡጢና እርግጫ የለበትም። ሰውየውን መሬት ላይ አውርዳችሁ፣ ተቆጣጥራችሁ፣ አንገቱን በማነቅ ወይም መገጣጠሚያውን በመቆልመም «በቃኝ» እስኪል መያዝ ነው። «በቃኝ» የሚባለው በእጅ መታ መታ በማድረግ ነው፤ ታፕ ይሉታል። ታፕ ከተደረገ ወዲያው ይለቀቃል። ስፖርቱ የቆመው በዚህ መተማመን ላይ ነው።

እኔ የምለማመደው እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለች ትንሽ ጂም ነው። ዕድሜዬ 26 ነው። ከልምምድ አጋሮቼ አንዱ የ58 ዓመት ሀበሻ ናቸው፤ ቀን ታክሲ ይነዳሉ፣ ማታ ይመጣሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። እጄ ኮሌታቸውን ይዞ እያነቀ፣ አፌ «ይቅርታ ጋሼ» ሲል ይስቃሉ። አንድ ቀን «አንቱታውን ለቡናው አቆየውና አሁን በደንብ እነቅ» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ሰውዬው ደክሟቸው፣ ገንዘባቸውን ከፍለው የሚመጡት ሊማሩ ነው። የማይሠራ መከላከያ «ይሠራል» ብሎ ማስመሰል እሳቸውን መዋሸት ነው፤ የውሸት ሽንፈት ደግሞ ያስታውቃል። አውቶቡስ ውስጥ ለትልቅ ሰው ወንበር መልቀቅ አክብሮት ነው። ምንጣፍ ላይ የያዙትን ክንድ በዘዴ መልቀቅ ግን «ከእርስዎ ምንም አይጠበቅም» ማለት ነው።

ጉልበተኛውስ? ከ30 ዓመት በኋላ የሰው ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል። ጅማትም ሲጎዳ እንደ ድሮው ቶሎ አይድንም። ለ22 ዓመት ልጅ የሁለት ሳምንት እረፍት የሆነ ጉዳት ለጋሼ የወራት ሊሆን ይችላል። መሪ መጨበጥ ያልቻለ የታክሲ ሾፌር ደግሞ ገቢ የለውም፤ የቤት ኪራዩ ግን ይቆጥራል፣ አገር ቤት ያለው ቤተሰብም ይጠብቃል። አንድ ችኩል ልጅ በአንድ ሰከንድ የሚቆለምመው ክንድ ይህን ሁሉ ተሸክሟል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ነገሩ ቀላል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት «የሚያምዎት ቦታ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አወዳደቅ አደገኛ ስለሆነ ከመቆም ይልቅ ከተቀመጣችሁበት ጀምሩ። ክንድ ስትይዙ አትንጠቁ፤ ቀስ ብላችሁ ጨርሱ፣ ታፕ የማድረጊያ ጊዜ ስጡ። ተረከዝ የሚጠመዝዙትን ስልቶች ተዉአቸው፤ እዚያ ላይ ሕመሙ ሳይሰማ ጉልበት ሊበጠስ ይችላል። ፍጥነቱን ቀንሱ እንጂ ቴክኒኩን አትቀንሱ። ካሸነፋችሁ አሸንፉ።

ይህን ስታደርጉ የምትጠቀሙት እናንተ ናችሁ። ጉልበትና ፍጥነት ሲቀነሱ የሚቀረው የምታውቁት ነገር ብቻ ነው። እኔ ከጋሼ ጋር ስይዝ የቴክኒኬ ቀዳዳ ወዲያው ይታያል። እሳቸው እኔን በጉልበት ስለማይችሉኝ አቅማቸውን ይቆጥባሉ፣ እጃቸውን በቦታው ያደርጋሉ፣ ስህተቴን ይጠብቃሉ። ከእኩያዬ ጋር ስታገል በጡንቻ የማልፈው ስህተት እሳቸው ጋ አያልፍም።

ስፖርቱ ራሱ ዕድሜን ያከብራል። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ጥቁር ቀበቶ ለማሰር ቢያንስ 19 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ከዚያ እስከ ቀይ ቀበቶ ሌላ 48 ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ከ67 ዓመት በታች ማንም አያገኘውም፤ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን። በሌላ በኩል አሜሪካዊው ሼፍና የቴሌቪዥን ሰው አንቶኒ ቦርዴይን ልምምድ የጀመረው 50ዎቹን አጋምሶ ካለፈ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ59 ዓመቱ፣ ኒው ዮርክ በተካሄደ ውድድር በሰማያዊ ቀበቶ ወርቅ ወስዷል።

«እኔ ግን ተወዳዳሪ ነኝ፣ ጠንካራ ልምምድ እፈልጋለሁ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ውድድር የደረሰበት ሰው አጋሩን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ትልልቆቹም ቢሆኑ ድርሻ አላቸው፤ እልህ ይዟቸው ታፕ ማድረግ ማዘግየት የለባቸውም፤ ከሚያሰጋቸው ልጅ ጋርም «ዛሬ ይቅርብኝ» ማለት መብታቸው ነው። ግን በሳምንት አንድ ሁለት ዙር ለጋሼዎቹ መስጠት የማንንም ሜዳሊያ አያስቀርም። ይህ ለጁጂትሱ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጁዶ፣ ቴኳንዶ ወይም ካራቴ ለምትሠሩም ያው ነው።

በነገራችን ላይ በዚያው ፌዴሬሽን ደንብ ገና በ30 ዓመት «ማስተር» ተብላችሁ ከወጣቶቹ ትለያላችሁ። በ41 ደግሞ «ማስተር 3» ትገባላችሁ። ዛሬ 22 ዓመታችሁ ከሆነ 19 ዓመት ቀርቷችኋል ማለት ነው። ያኔ ፊታችሁ የሚቀመጠው ልጅ እንዴት እንዲይዛችሁ ትፈልጋላችሁ? ያ ልጅ የሚማረው ዛሬ እናንተ ጋሼን ስትይዙ ካየው ነው።