የማትለካውን ግፊት አትጨምር!

ሰሞኑን «በ10 ደቂቃ ቱርቦህን አሳድግ» የሚሉ ቪዲዮዎች ቲክቶኩን ሞልተውታል። አንድ ቁራጭ ቱቦ፣ ብሎን ያላት ትንሽ ቫልቭ፣ ሁለት ማሰሪያ፣ አለቀ! ከስር ደግሞ «ወንድሜ ለኔ ኢምፕሬዛም ይሠራል?» የሚል የኮሜንት መዓት። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ጋራዥ የለኝም። ግን ይሄ ነገር ከመካኒክነቱ በፊት ፊዚክስ ነውና ዝም አልልም።

አስቀድሜ ልናገር፦ መኪናውን በገዛ እጁ የሚፈታ ልጅ አከብራለሁ። የምቃወመው ሳይለካ የሚጨምረውን ነው።

ቱርቦ በጭስ የሚዞር ፋን ነው። የሚወጣው ጭስ አንዱን ወገን ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላው ወገን አየር ጨምቆ ወደ ሞተር ይልካል። ግፊቱ ከልክ ሲደርስ ዌስትጌት የሚባል በር ይከፈትና የተወሰነው ጭስ በጎን ያልፋል። ለበሩ «በቃ፣ ተከፈት» የሚል መልእክት የምታደርሰው አንዲት ቀጭን ቱቦ ናት። ያቺ ቫልቭ የምትሠራው ይህችን መልእክተኛ ማስዋሸት ነው። ኃይሉ የሚመጣው ዘበኛውን አታለህ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ባህር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። እኛ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነን፤ እዚህ ወደ 76 ገደማ ነው። ሩብ ያህሉ የለም! ቪዲዮውን የቀረፀው ሰውዬ ዱባይ ሆኖ 0.9 ባር ሲጨምር ቱርቦው አየሩን 1.9 ጊዜ ያህል ይጨምቃል። አንተ ቦሌ ሆነህ እሱ ያገኘውን ያህል አየር ላግኝ ካልክ ቱርቦህ 2 ተኩል ጊዜ መጭመቅ አለበት። ድሮም በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከረውን ዕቃ ነው የባሰ ሩጥ የምትለው።

የተጨመቀ አየር ይግላል። አየሩ ሲግል ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። ኖክ የሚባለው ይሄ ነው፤ ፒስተንን በመዶሻ እንደመምታት ቁጠረው። የሱባሩው ኢጄ25 ሞተር ፒስተኑ ፋሻው የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ዘይት ይበላል፣ ከዚያ ያጨሳል፣ ከዚያ ሞተር ይወርዳል። የመኪናው ኮምፒውተር ግፊቱ ሲበዛበት ቤንዚን ቆርጦ ሊያድንህ ይሞክራል። ይሄንንም የሚያዘጉ አሉ!

«ፕሽሽሽ» ለሚለው ድምፅ ሲሉ የአየር ማስተንፈሻውን ወደ ውጭ የሚያዞሩትስ? ኢምፕሬዛ ላይ ሴንሰሩ ቆጥሮ ያስገባውን አየር አንተ ሜዳ ላይ ትደፋዋለህ። ኮምፒውተሩ ገብቷል ብሎ ቤንዚኑን ይልካል። ማርሽ በቀየርክ ቁጥር ቤንዚን ታባክናለህ። በዚህ የቤንዚን ሰልፍ!

«የራሴ መኪና ነው፣ ምን አገባህ?» የሚል አይጠፋም። ያገባኛል፤ ተማሪዎቼ በእግር የሚሻገሩት አንተ የምትነዳበትን መንገድ ነው። ፍጥነትህ ከ60 ወደ 120 ሲያድግ ፍሬንህ የሚያቆመው ጉልበት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። የፍሬን ሰርቮህም የሚያግዝህ በአየር ግፊት ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ እሱም ከነሩብ ጉድለቱ ነው። ታዲያ ለቱርቦ፣ ለማርሚታ፣ ለስቲከር ያልሰሰትከው ሰው የፍሬን ሸራ ሲባል «በኋላ» የምትለው ለምንድን ነው?

ሌላም ሰው ያገባዋል። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ እዚህ ያሉት መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚዞሩት። አንተ ስድስት ወር ጨፍረህበት፣ ቫልቩን ነቅለህ፣ አጥበህ ትሸጠዋለህ። ዕቁብ ጥሎ፣ ተበድሮ የገዛው ሰው በሁለተኛው ወር ሞተር ያስወርዳል። ይሄ ሞዲፊኬሽን ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

«ጃፓኖችም ቤታቸው ይሠሩታል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ለክተው! በደንብ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የቡስት ጌጅና ዋይድባንድ የሚባለውን የአየርና ቤንዚን መለኪያ ነው። ሞተር በሰላም ሲሄድ 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ነው፤ ቱርቦ ሞተር በሙሉ ጋዝ ሲጠየቅ ግን ወደ 11 ተኩል አካባቢ ቤንዚን መጨመር አለበት። ይሄን ቁጥር ሳታይ ብሎን የምታጠብቅ ከሆነ ቁማር ነው የምትጫወተው።

በእጅህ መሥራት ከፈለግክ ሥራ ሞልቶልሃል። ዘይቱን በጊዜው ቀይር። የቱርቦ ቱቦዎችን ፈትሽ፤ የጠፋብህ ኃይል በተሰነጠቀ ቱቦ እየሾለከ ሊሆን ይችላል። ራዲያተሩንና ክዳኑን እይ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ነው። ካንዴላ፣ የፍሬን ዘይት፣ ሸራ፣ ጎማ። ይሄን ሁሉ ከጨረስክ በኋላ መለኪያ ግዛ፤ ከዚያ ስለ ቡስት እናወራለን። ስትሸጠው ደግሞ የሠራኸውን ሁሉ ለገዢው ንገረው።

የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ ይምጣ። ስድቡን ይተወውና ቁጥሩን ይዞ ይምጣ።