የሕዝብ ገንዘብ በሕዝብ ውሳኔ!

የተከበራችሁ የአሶሳና የመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከተሞች መራጮች፤

ጉልት ላይ የምትውለው እናት የመደብ ኪራይ ትከፍላለች። ባለሱቁ የዓመት ግብር፣ ባለቤቱ የቤትና የቦታ ግብር ይከፍላል። ደረሰኙ በሁላችንም እጅ አለ። ገንዘቡ ለየትኛው መንገድ፣ ለየትኛው የውኃ ቧንቧ እንደዋለ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደንግጓል። ገንዘብ የሌለው ሥልጣን ግን ባዶ እንስራ ነው። ከ1994 ዓ.ም. በኋላ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ የተጀመረው የወረዳ ጥቅል ድጎማ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ክልሎችም ደርሷል። መርሁን እንደግፋለን። ይሁን እንጂ የድጎማው አብዛኛው ክፍል ለደመወዝ ስለሚውል ወረዳው በራሱ ውሳኔ የሚያዝዝበት ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነው። ጥቅሉ በስም እንጂ በተግባር አስቀድሞ የተከፋፈለ ነው።

ክልላችን ደሃ አይደለም። ወርቅ አለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ይገኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 98 የከፍተኛ ማዕድን ገቢ የፌዴራልና የክልል የጋራ ይሁን ብሏል። ሀብቱ የሚወጣበት ወረዳና ከተማ ድርሻስ?

ከሁሉ የሚብሰው የውክልና ጉዳይ ነው። የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ተራዝሞ ለዓመታት ሳይካሄድ ቆይቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። ከተማ ገቢ ማግኘቱን አንቃወምም። ነገር ግን ግብር የሚጥል ምክር ቤት በግብር ከፋዩ የተመረጠ መሆን አለበት።

ስለሆነም ብትመርጡን የሚከተሉትን ለመፈጸም ቃል እንገባለን፦

1. የየከተማውና የየወረዳው ድጎማ በግልጽ ቀመር ይሰላል። ከሐምሌ 1 በፊት ይታወቃል፤ በዓመቱ መካከልም አይቀነስም።

2. ማዘጋጃ ቤት የሰበሰበው ገቢ ለዚያው ከተማ ይውላል። እስከ ሰኔ 30 ያላለቀው ለቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል እንጂ ተመላሽ አይደረግም። በሰኔ ወር የሚታየው የጥድፊያ ግዢም በዚህ ይቀራል።

3. ሀብት የሚወጣባቸው ወረዳዎች ድርሻ በሕግ እንዲወሰን እንታገላለን።

4. በጀትና ወጪ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋዎች ይለጠፋል።

5. የኦዲት ሪፖርት በምክር ቤት ፊት በይፋ ይነበባል።

6. የአካባቢ ምርጫ በሕጉ በተወሰነው ጊዜ እንዲካሄድ እናደርጋለን።

ነጻነት ያለ ቁጥጥር ሌባውን ከክልል ወደ ከተማ ከማዛወር አያልፍም። አራተኛውና አምስተኛው ነጥብ ለዚህ ነው። ድጎማ ይቅር አንልም። ገና ብዙ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ የሚያስፈልገው ክልል ያለ ፌዴራል ድጋፍ አይቆምም። የምንጠይቀው ድጎማው መብት እንጂ የታማኝነት ደመወዝ እንዳይሆን ነው።

ውድ መራጮች፤ ድምፅ ልትሰጡ ስትሄዱ የመጨረሻውን የግብር ደረሰኛችሁን አስታውሱ። የከፈለው ይጠይቅ፤ የተቀበለው ይመልስ!