የዘገየ ለቅሶ

መርዶ በስልክ አይነገርም፡፡ ቢያንስ እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የሚነገር ነገር አልነበረም፡፡ ልጁ ዋሽንግተንም ይኑር ሮም፣ እናቱ ካረፉ ቤተ ዘመዱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚያ ማን አለው?» ብሎ ነው፡፡ አብሮ አደግ ይፈለጋል፤ የነፍስ አባት ይፈለጋል፤ የዕድር ሰው ይፈለጋል፡፡ እስከዚያው ልጁ ቢደውል «ደኅና ናቸው፣ ትንሽ ጉንፋን ነገር ይዟቸው ተኝተዋል» ይባላል፡፡ በመጨረሻ ሰዎቹ ተጠራርተው ገና ጎሕ ሳይቀድ በሩን ያንኳኳሉ፡፡ በዚያ ሰዓት አምስት ስድስት ሆኖ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ምን ይዞ እንደ መጣ መናገር አያስፈልገውም፡፡ ልጁ መዝጊያውን ሲከፍት ያውቀዋል፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ግን አጠገቡ አለ፡፡

ቋንቋችን ይህን ሥርዓት በአንድ ግስ ውስጥ አኑሮታል፡፡ መርዶውን የነገረው ሰው «አረዳ» ይባላል፤ የተነገረው ደግሞ «ተረዳ»፡፡ አንድን ነገር ወደ ልቡናው ያስገባ ሰውም እንዲሁ «ተረዳ» ነው፡፡ ሁለቱ በአንድ ቃል ማደራቸው ከንቱ አጋጣሚ አይመስለኝም፡፡ ሞት በጆሮ ስለገባ ብቻ አይታወቅምና፤ ሰው ከብቦ ሲያለቅስልን፣ ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትገባ፣ ንፍሮው ሲዞር ነው ቀስ እያለ የሚገባን፡፡

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በሀገራችን መገኘቱ ተነገረ፡፡ ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ከውጭ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ታዘዘ፡፡ ወሩ ሳይወጣ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ መጣ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም ከአራት ሰው በላይ መሰባሰብን ከለከለ፡፡ አራት ሰው ቃሬዛ ያነሣ ይሆናል፤ ለቅሶ ግን አያቆምም፡፡ የዚያ ዓመት ትንሣኤን አብዛኛው ምእመን በየቤቱ ተዘግቶ ዋለ፡፡ በባሕር ማዶም መርዶ ነጋሪዎቹ የራሳቸው በር ተዘጋባቸው፡፡ ስለዚህ መርዶው በስልክ ሄደ፡፡ ስልክስ ደግ ነበር፤ የባሰበት የአባቱን ፎቶግራፍ ፌስቡክ ላይ አይቶ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር» የሚል የማያውቀው ሰው ጽሑፍ አንብቦ፣ ብቻውን ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፡፡

ክልከላው ሲላላ ከሁሉ ቀድሞ የተመለሰው ሻንጣ ነው፡፡ በስደት ያለ ሰው ኑሮ ግማሹ በመንገደኛ ሻንጣ የቆመ መሆኑን ያልኖረበት አያውቀውም፡፡ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ፣ በውኃ ጠርሙስ የታሸገው የእንጦጦ ጸበል እንደገና መጓዝ ጀመረ፡፡ ቀጥሎ ምግብ ቤቱ ተከፈተ፤ ቅዳሴው ሞላ፤ ክርስትናና ልደት ተደገሰ፡፡ ለቅሶው ግን አልተመለሰም፡፡ ጊዜው አልፎበታል ተባለ፡፡

ደግሞስ የላላው ለማን ነበር? ብሪታንያ ከመጋቢት 10 ቀን 2013 እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በቀይ መዝገቧ ላይ አስፍራ ነበር፡፡ ለንደን ውስጥ ሰዉ በየምግብ ቤቱ ገብቶ አብሮ መብላት በጀመረበት በዚያው ወራት፣ አባቱን ሊቀብር አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው በተመደበለት ሆቴል 10 ቀን ለመታገት በመጀመሪያ 1,750 ፓውንድ፣ ኋላም ከ2,200 በላይ ይከፍል ነበር፡፡ በሕመምተኛ አስታማሚነት ወይም በጽዳት የሚኖር ሰው ይህን ገንዘብ ከየት ያመጣዋል? ቤይሩት ያሉት እኅቶቻችን ነገር ደግሞ ሌላ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው አምጥተው በቆንስላችን ደጅ የጣሏቸውን ሴቶች ሁላችንም በምስል አይተናል፡፡ ፓስፖርቷ በአሠሪዋ መሳቢያ ውስጥ ለተቆለፈባት ሴት፣ አየር መንገድ በረራ ጀመረ ቢሏት ምን ይፈይድላታል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሚዛን መናገር ይገባል፡፡ ስልኩንና ምስሉን ብቻ መውቀስ ግፍ ነው፡፡ የመኖሪያ ወረቀቱን ዐሥር ዓመት የሚጠብቅ ስደተኛ ከኮሮናም በፊት ቢሆን ለቀብር መጥቶ አያውቅም፤ ለእርሱ በሩ ያኔም ዝግ ነበር፡፡ የእናቱን ፍትሐት በእጅ ስልኩ ሲመለከት ያለቀሰው ልቅሶ እውነተኛ ልቅሶ ነው፤ ማንም ሊያቃልልበት አይችልም፡፡ እኔ የምቃወመው ሌላ ነው፡፡ በችግር ቀን የተፈቀደው ነገር ዛሬ ልማድ ሆኖ፣ መምጣት የሚችለው ሰው ሲመጣ እንኳ «በስልክ አልቅሰህ የለም እንዴ?» መባሉን ነው፡፡

በ2014 ዓ.ም. ሀገሪቱ በጦርነት ውስጥ ሳለች፣ ለገና አንድ ሚሊዮን ወገን ከየአህጉሩ ወደ ሀገሩ እንዲገባ መንግሥት ጥሪ አደረገ፡፡ ብዙዎች መጡ፡፡ በአበባ ተቀበልናቸው፤ ከዚያም እንግዳ ሲመጣ እንደምናደርገው ወደ እንጦጦ ወሰድናቸው፡፡ በ2013 መጀመሪያ የተከፈተው ፓርክ ለዓይን ያምራል፤ በባሕር ዛፉ መካከል ቡና ይጠጣል፣ ከተማው ከታች ተዘርግቶ ይታያል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፡፡ በዚያው ተራራ ላይ፣ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም አለች፡፡ ከአስጎብኚዎቹ ስንቱ እንግዳውን አስቀድሞ ወደዚያ እንዳደረሰ እንጃ፡፡

ከተራራው ግርጌ በሚገኝ ሰፈር ግን የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ፡፡ ከለንደን የመጣች ሴት ነበረች፤ አባቷ ቀይ መዝገቡ በጸናበት ወራት አርፈዋል፡፡ ቤተሰቡ ዶሮ ሠርቷል፤ ጠላው ቀርቧል፤ የሟቹ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሌላ ክፍል ገብቷል፡፡ ይህን ያደረጉት ለእርሷ አዝነው ነው፡፡ እርሷም እየሣቀች ስጦታ ታከፋፍላለች፡፡ በዚህ መካከል አንዲት አሮጊት ጎረቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ገቡ፡፡ ወንድሟ በሩ ላይ ቆሞ «እማማ፣ ተዉ እንጂ፣ አሁን ምን ያስቀሰቅሳል?» አላቸው፡፡ «ለእናንተ ከርሟል» አሉት፤ «ለእርሷ ገና ዛሬ ነው፡፡» ከዚያ የሟቹን ስም ጠርተው፣ ዕቁባቸውን፣ ቁጣቸውን፣ ሲስቁ እንዴት እንደሚያስላቸው እያነሡ ሙሾ አወረዱ፡፡ ሴቲቱ ያን ጊዜ ወደቀች፤ የሚይዟትም ብዙ ሆኑ፡፡ ዶሮው ቀዘቀዘ፤ ማንም አላዘነለትም፡፡ በማግሥቱ በማለዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥታ ጸሎተ ፍትሐት አስደረገች፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል፡፡ ሳይረዱ የቀሩት ሰዎች ግን ዛሬም በቦሌ በኩል ይገባሉ፤ አንዳንዱ በአምስተኛው፣ አንዳንዱ በስድስተኛው ዓመት፡፡ ገንዘብ እስኪጠራቀም፣ ወረቀት እስኪወጣ ይህን ያህል ይፈጃል፡፡ ቤተ ክርስቲያን ለሟች አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት ብላ ቀን ቆጥራለች፤ ዘግይቶ ለመጣ ኀዘንተኛ ግን ቀን የቆጠረለት የለም፡፡

ይህን ማድረግ ያለባቸው ዕድሮች ናቸው እላለሁ፡፡ የዕድር ደንብ ድንኳኑ ስንት ቀን እንደሚቆም፣ ማን ወንበር እንደሚያወጣ፣ ማን እንደሚያድር፣ የቀረ ስንት ብር እንደሚቀጣ በዝርዝር ይደነግጋል፡፡ በቀብር ቀን ሊገኝ ያልቻለ የአባል ልጅ ከውጭ ሲመጣ ድንኳኑ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ እንዲተከልለት አንድ አንቀጽ ቢጨመር ሣጥኑን አያራቁተውም፡፡ ዳኛው ስሙን ይጠራሉ፤ ሰዉ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለዋል፤ ንፍሮ ይዞራል፤ ማታ ድንኳኑ ይፈርሳል፡፡ ፓርኩን በማግሥቱ ያየዋል፡፡

ቤተሰቡ «አናስጨንቀው» ይል ይሆናል፡፡ የመጣው ሰው ራሱም አፍሮ «አያስፈልግም» ይል ይሆናል፤ በሰው ሀገር ኀዘንን አሳጥሮ ወደ ሥራ መመለስ ተምሯልና፡፡ አይሰማ፡፡ መምጣት የማይችለው ደግሞ፣ ያ ወረቀት ጠባቂውና ያች ቤይሩት ያለችው፣ ድንኳኑ በተተከለ ዕለት ይደወልለት፡፡ ሲደወል ግን እዚያ ሁለት ሦስት ሰው አስቀድሞ ቤቱ ገብቶ አጠገቡ ይቀመጥ፡፡