ጉበት ስላላመመን ደህና ነን አንበል

እኩዮቼ፣ በእድር ድንኳንም ሆነ በማኅበር ስንገናኝ የምንባባለው ነገር ያስጨንቀኛል። ሆዱ የገፋውን «አምሮብሃል፣ ተመችቶሃል» እንለዋለን፤ የከሳውን «ምን ነካህ?» ብለን እናስደነግጠዋለን። በእኛ ዕድሜ ቦርጭ የድሎት ምልክት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ስብ እንደያዘ ይጠቁማል።

ጉበትን ሐሞት የሚያመነጭና መርዝ የሚያጣራ አካል አድርገን ብቻ ነው የምናውቀው። እሱ ግን እንደ ቆሽት ሁሉ ወደ ደም የሚለቃቸው ሆርሞኖች አሉት። አንዱ ኤፍ ጂ ኤፍ 21 ይባላል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ለዩት፤ በ2005 ደግሞ ሰውነት ስኳርና ስብ በሚጠቀምበት ሥርዓት ላይ እጁ እንዳለበት ታወቀ። ጣፋጭ ሲበላ ጉበት ይህን ሆርሞን ይለቃል፤ ሆርሞኑም አንጎል ደርሶ የጣፋጭ አምሮትን ያበርዳል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች የአልኮል ፍላጎትንም ሲቀንስ ታይቷል።

እኔን የሚያስፈራኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በወፍራም ሰው ደም ውስጥ ይህ ሆርሞን ይበዛል እንጂ አያንስም። ብዙ ተመራማሪዎች ሰውነት ለሆርሞኑ ደንዝዟል ይላሉ፤ ጉበት «ይብቃ» ቢልም ሰሚ የለውም። ስብ የሞላው ጉበት ደግሞ ፌቱይን ኤ የተባለውን ፕሮቲን አብዝቶ ይለቃል። ይኸኛው የኢንሱሊንን ሥራ ያደናቅፋል፤ ቆሽት ጉድለቱን ለመሙላት ሲታገል ኖሮ ሲዝል ስኳር በሽታ ይከተላል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚያም ነገር ላይኖር ይችላል።

አልኮል የማይቀምሱት ጓደኞቻችንም ከዚህ አያመልጡም። በማኅበር ቀን ለስላሳ ይከፈትላቸዋል፤ ብርጭቆው ጎደል ሲል ጋባዥዋ «በሞቴ» ብላ ሌላ ጠርሙስ ትደግማለች። በአንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ 7 ወይም 8 ማለት ነው። የስኳሩን ግማሽ ያህል የሚይዘው ፍሩክቶስ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ጉበት ነው፤ ጉበትም ትርፉን ወደ ስብ ይለውጠዋል። ሽማግሌን በዚህ ማክበር ይቅርብን። ውሃ ያቅርቡልን፤ እኛም ስንጋበዝ አንቀየም።

ጾም ሲፈታ በጮማና በጠጅ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ አልዘረዝረውም።

ጉበት ያጸዳል ተብሎ የሚሸጥ ቅጠልና ዱቄት አትግዙ። ከእነዚህ ራሱን ጉበትን የሚጎዱ አሉ። በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሬስሜቲሮም እንኳ፣ ከስብ የተነሳ ጠባሳ ለያዘ ጉበት የመጀመሪያው መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር እንዲወሰድ ነው የታዘዘው። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ተኩል ያህል ሲቀንስ የጉበቱ ስብ ይቀንሳል፤ እስከ 9 ኪሎ ከቀነሰ የጉበቱ ብግነትም ሊበርድ ይችላል። ይህ በእግር በመሄድና ገበታን በመመጠን የሚደረስበት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እስኪያማችሁ አትጠብቁ። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የደም ስኳራችሁንና ጉበታችሁን አስመርምሩ፤ ካስፈለገ አልትራሳውንድ ተነሱ። ሆዱ የገፋ ጓደኛ ካላችሁም ማሞገሱን ተዉና ይዛችሁት ሂዱ።