የዓሣ አስጋሪው መነጽር፦ ቀለሙ ወይስ ፊዚክሱ?

በባሕር ዳርም ሆነ በሐዋሳ የፀሐይ መነጽር ሊገዛ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው። ሻጩም የሚያወድሰው ያንኑ ነው፤ ሰማያዊ መስታወት የመሰለው ያምራል፣ ጥቁሩ ፀሐይ ይከለክላል፣ ቢጫው ብርሃን ይጨምራል ይባላል። መነጽሩን የሚፈልገው ሰው ቀኑን በሐይቅ ላይ የሚውል ዓሣ አስጋሪ ሲሆን ይህ የምርጫ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው ብለን እናምናለን። ቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው መነጽሩ አልትራቫዮሌት ጨረርን ይከላከል እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ፖላራይዝድ መሆኑ ይመጣል። ቀለም ሦስተኛ ነው፤ ሦስተኛም ቢሆን ግን በራሱ ምክንያት የሚመረጥ እንጂ በአምሮት ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ከሁለተኛው እንጀምር፤ ፊዚክሱ ያለው እዚያ ነውና። ብርሃን የሚርገበገበው ከሚጓዝበት አቅጣጫ ጋር ቀጤ ነክ በሆነ መንገድ ነው። ከፀሐይ በቀጥታ በሚደርሰን ብርሃን ውስጥ ርግብግቢቱ ሽቅብም፣ አግድምም፣ ሰያፍም ሆኖ በእኩል ተደባልቆ ይገኛል። ይኸው ብርሃን በውኃ ላይ አርፎ ሲንጸባረቅ ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ አግድም የሚርገበገበው ክፍል ከሌላው ይበልጥ ይንጸባረቃል። ፈረንሳዊው ኤትየን ልዊ ማሉስ በ1808 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች የተንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን በካልሳይት ክሪስታል አሻግሮ ሲመለከት ያስተዋለው ይህንኑ ነበር። ክሪስታሉን ባዞረው ቁጥር ከሚታዩት ሁለት ምስሎች አንዱ ሲደምቅ ሌላው ይደበዝዝ ነበር። በ1815 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር ነጸብራቁ ሙሉ በሙሉ ፖላራይዝድ የሚሆንበትን ማዕዘን ከቁሱ የስብረት መጠን ጋር የሚያያይዘውን ሕግ ደረሰበት። ለውኃ ይህ ማዕዘን ከውኃው ገጽ ቀጤ ነክ መስመር ተነሥቶ ሲለካ 53 ዲግሪ፣ ከውኃው ገጽ ሲለካ ደግሞ 37 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀረው የፋብሪካ ሥራ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዊን ላንድ በ1929 እ.ኤ.አ. ርካሽና ስስ የፖላራይዘር ሉህ የሚሠራበትን የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ዛሬ በመነጽር ሌንስ ውስጥ የሚታሸገው የዚያ ሉህ ዝርያ ነው።

በፖላራይዝድ መነጽር ውስጥ ያለው ሉህ ሽቅብ የሚርገበገበውን ብርሃን አሳልፎ አግድሙን ያስቀራል። የውኃው ገጽ ነጸብራቅ በአብዛኛው አግድም ስለሆነ እሱ ሲቀር ከውኃው ውስጥ የሚመጣው ብርሃን ይቀራል፤ ዓሣውም የሚታየው በዚያ ነው። ተራ ጥቁር መነጽር ይህን ማድረግ አይችልም። ነጸብራቁንና የዓሣውን ምስል በእኩል መጠን ስለሚያጨልም በሁለቱ መካከል ያለው ንጽጽር እንደነበረ ይቆያል። በጥቁረቱ ብዛት ዓሣ እናያለን ብለው ገንዘባቸውን የሚያወጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ይህ መነጽር በሁሉም ሰዓት በእኩል አይሠራም። ፀሐይ ከአድማስ በላይ 37 ዲግሪ ገደማ ስትሆን ከረጋ ውኃ ላይ የሚመጣው የፀሐይ ነጸብራቅ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሌሊቱና ቀኑ እኩል በሚሆኑባቸው በመጋቢትና በመስከረም ቀናት በጣና ላይ ይህ የሚሆነው ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው፤ ማለትም ከጧቱ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ከቀትር በኋላም 10 ሰዓት አካባቢ። ገና ፀሐይ ብቅ ስትል ወይም ልትጠልቅ ስትል ነገሩ ይለያል። ከውኃው ገጽ በ10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ከሚመጣ ብርሃን 35 በመቶ ያህሉ ይንጸባረቃል፤ ሽቅብ ከሚርገበገበው ክፍል እንኳ ከሩብ ጥቂት ያነሰው ይመለሳል። እሱን ደግሞ መነጽሩ ያሳልፈዋል። ስለዚህ በማለዳ መነጽሩን ሞክሮ «የተጭበረበርሁ ነኝ» የሚል ሰው ከመፍረዱ በፊት እስከ ረፋድ ቢታገሥ ይሻለዋል። አንገትን ማዘንበልም ዋጋ ያስከፍላል። ማሉስ በተወልን ሕግ መሠረት ራሱን 30 ዲግሪ ያዘነበለ ሰው ሊያስቀረው ከሚገባው አግድም ብርሃን ሩቡን ያስገባል።

መነጽሩ የማይችለውንም መናገር ይገባል። የሚያስቀረው የገጹን ነጸብራቅ እንጂ በውኃው ውስጥ ያለውን ደለል አይደለም። ጣሊያናዊው አንጀሎ ሴኪ በ1865 እ.ኤ.አ. ነጭ ዲስክ በገመድ አንጠልጥሎ ወደ ባሕር በማውረድ ከዓይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ፤ የውኃ ተመራማሪዎች ዛሬም በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ። ዲስኩ ገና ጥቂት እንደወረደ በሚጠፋበት ሐይቅ የትኛውም ሌንስ ከዚያ ብዙ አሳልፎ አያሳይም። በቀይ ቡናማ ደለሉ በሚታወቀው አባያ ላይ ውድ መነጽር ገዝቶ የዓሣ ጥላ መጠበቅ ከንቱ ነው። የብርሃን ስብረትም እንደነበረ ይቀጥላል፤ ከአናቱ በቀጥታ የምናየው ዓሣ ካለበት ጥልቀት በሦስት አራተኛው ላይ ያለ ይመስላል፤ መነጽር ተደረገም አልተደረገ።

አሁን ወደ ቀለም። በዚህ ነጥብ የጸሐፊዎች ምክር ብዙ ነው፤ አብዛኛውም የተጻፈው ለጠራ ባሕርና ለሰማያዊ ጥልቅ ውኃ ነው። እዚያ ቀለማትን ሳያዛባ ብርሃኑን ብቻ የሚቀንስ ግራጫ ሌንስ ይመከራል፤ አንቃወምም። በእኛ አገር ሐይቆች ግን ቡናማውን ወይም መዳብ መሰሉን እንመርጣለን። ደለልና የበሰበሰ ዕፅዋት ቅሪት ያለበት፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሆነ ውኃ ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ ከውስጡ ወደ ዓይናችን የሚመለሰው በአብዛኛው ከአረንጓዴ እስከ ቀይ ያለው ነው። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሐይቅ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ከታየን አብዛኛው ከገጹ የተንጸባረቀ ሰማይ ነው ማለት ነው። ቡናማ ሌንስ ሰማያዊውን ሲቀንስ ፖላራይዘሩ ያመለጠውን ነጸብራቅ ያግዘዋል፤ ከዓሣው የሚመጣውን ግን ብዙም አይነካም። ቢጫ ሌንስ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ሆኖም ብዙ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ለማለዳና ለደመና እንጂ ለቀትር አይሆንም። የሰማያዊው መስታወት ቅብ ደግሞ ከውጭ ለሚያየው ሰው ነው የሚያብረቀርቀው፤ ለባሹ የሚያየው ከቅቡ ሥር ያለውን የሌንስ ቀለም ነው።

«አስጋሪዎቻችን በመረብ እንጂ በዓይናቸው አያሰግሩም፤ ዓሣውን ማየት ምን ይረባቸዋል?» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ በደንገል ታንኳ ላይ ለተቀመጠ ሰው ከነጸብራቁ መሐል የጉማሬን ጆሮና ዓይን ለይቶ ማየት ዓሣ ከማየት ይበልጥበታል። በጠራው ዳርቻ ደግሞ ወንዱ ቆሮሶ በአሸዋማ ወለል ላይ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል፤ ሴቷም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ጎጆዎቹ የሚታዩት አስጋሪ መረቡን ከዚያ ሊያርቅ ይችላል። የሚታዩት ሰው ሁሉ ያርቃል ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል።

ከሁሉ በላይ ያስቀደምነው አልትራቫዮሌት በዓይን የማይታይ ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይመነጫል። ጨረሩ ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጣና በ1,800 ሜትር፣ ሐዋሳ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ሁለቱም ለምድር ወገብ ቅርብ ናቸው። ለረጅም ዓመታት ለዚህ ጨረር መጋለጥ ለዓይን ሞራ ግርዶሽና ከዓይን ነጭ ክፍል ተነሥቶ ወደ ብሌኑ ለሚያድገው ሥጋ ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው። በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በኢትዮጵያ ከዓይነ ሥውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ መሆኑን አሳይቷል። ሞራው ሁሉ የፀሐይ ሥራ አይደለም፤ ዕድሜና ሌሎች ምክንያቶችም አሉበት። ቀኑን ሙሉ በውኃ ላይ ለሚውል ሰው ግን ሊቀነስ የሚችለው ድርሻ ይህ ነው። የሌንሱ ጥቁረት ስለዚህ ጨረር ምንም አይነግረንም፤ እንዲያውም ጥቁር ሆኖ ጨረሩን የማያስቀር ሌንስ ብሌናችን እንዲሰፋ ስለሚያደርግ የባሰ ሊሆን ይችላል። ብዙ ርካሽ የፕላስቲክ ሌንሶች ጨረሩን በደንብ የሚያስቀሩ መሆናቸውም መታወቅ አለበት። ዋጋም እንደ ጥቁረቱ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ መለካት ያስፈልጋል። ፖላራይዝድ መሆኑን ለማረጋገጥ ተማሪ ሁሉ በቦርሳው የያዘው ካልኩሌተር ይበቃል፤ ማሳያውን በሌንሱ አሻግሮ እያዩ መነጽሩን ቀስ በቀስ ማዞር ነው። በአንድ አቅጣጫ ማሳያው ከጨለመ ሌንሱ ፖላራይዝድ ነው፤ ካልጨለመ የተለጠፈበት ጽሑፍ ምንም ቢል አይደለም። ለአልትራቫዮሌት ሐሰተኛ ብር በሚለይበት መብራት መጠነኛ ፍተሻ ማድረግ ይቻላል። መብራቱን በሌንሱ አሻግሮ በብሩ ላይ ማብራት፣ የሚያበራው ምልክት ቢደበዝዝ ወይም ቢጠፋ ሌንሱ ቢያንስ የዚያን መብራት ጨረር ያስቀራል ማለት ነው። መብራቱን በዓይን ማየት ክልክል ነው። የተሟላው ምርመራ በስፔክትሮፎቶሜትር የሚደረገው ሲሆን መሣሪያው በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራዎች ይገኛል። በሐይቅ ዳር ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ለሁለት ቀን ያህል ቤተ ሙከራቸውን ለአስጋሪዎች ማኅበራት ቢከፍቱ፣ ተማሪዎችም ማሉስንና ብሩስተርን በሰሌዳ ላይ ከመገልበጥ አልፈው የሰዎቹን መነጽር አንድ በአንድ ቢለኩ፣ ወጪው የአንድ ከሰዓት በኋላ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ያህል ነው።