“ፍልስፍና የወንድ ነገር ነው” ያለችኝ የልጅ ልጄ



የልጅ ልጄ ዘንድሮ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ባለፈው እሑድ የሎጂክ ደብተሯን ይዛ ቡና ልትጠጣ መጣች። ፈላስፎቹ እነማን እንደሆኑ ጠየቅኋት። “ሶቅራጥስ፣ ፕሌቶ፣ አርስቶትል” አለች። “ሴት የለችም?” ብላት፣ “እማማ፣ ፍልስፍና እኮ የወንድ ነገር ነው” ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። እናቷ ልጅ ሳለች ጥያቄ ባበዛች ቁጥር “ሴት ልጅ አትከራከርም” እያልኩ ዝም ያሰኘኋት እኔው ነኝ።

ስልኳ ላይ አብረን ፈለግን። ፕሌቶ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሶቅራጥስ ራሱ ስለ ፍቅር ያስተማረችው ዲዮቲማ የምትባል ሴት እንደሆነች ይናገራል። ሃይፓሽያም በእስክንድርያ ሒሳብና ፍልስፍና ታስተምር ነበር፤ በ415 እ.ኤ.አ. በሁከተኞች ተገደለች።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን የፓይታጎረስ ልጅ ናት በምትባለው በሚያ ስም በግሪክኛ የተጻፈ ደብዳቤ ነው። ሊቃውንት በኋላ ዘመን ሳይጻፍ እንዳልቀረ ይናገራሉ። ደብዳቤው አዲስ ለወለደች እናት የተላከ ምክር ነው፦ ሞግዚቷ እንቅልፍና መጠጥ የማታበዛ ትሁን፣ ሕፃኑ በማስተዋል ይመገብ፣ የገላው ውኃ ለብ ያለ ይሁን፣ ሙቀቱም ብርዱም አይብዛበት። በሁሉም ነገር ልክ ይኑር ነው ነገሩ።

ነርስ ሳለሁ ጨንቻ ብርድ ላይ “ሸፍኑት”፣ አርባ ምንጭ ሙቀት ላይ “ልብስ አታብዙበት” እያልኩ ስንት እናት መክሬያለሁ! ይህ ፍልስፍና ተብሎ ይጠናል ብሎ ማን ያስባል?

የእኛዋ ወለተ ጴጥሮስም የአፄ ሱስንዮስን የሃይማኖት ለውጥ ተቃውማ የጸናች ሴት ናት። ገድሏ በግእዝ የተጻፈው በ1672 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉሙ የታተመው በ2015 ነው። እስኪተረጎም ድረስ የውጭው ዓለም ተማሪ ከየት ያውቃታል? የእነሚያም ጽሑፍ በአማርኛና በጋሞኛ ቢተረጎም ልጆቻችን ፍልስፍናን የወንድ ብቻ አይሉትም ነበር።

መተርጎሙ የምሁራን ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ ቤት ውስጥ ነው። ሴት ልጅ “ለምን?” ስትል ወደ ጓዳ አንላካት፤ እንደ ወንድሟ ቁጭ ብላ ትከራከር። እኔ ለልጄ የነፈግኋትን ለልጇ እየመለስኩ ነው።

የልጅ ልጄ ስትሄድ ደብዳቤውን በአማርኛ ገልብጣ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። መምህሯን ልትጠይቅበት ነው።

ሰላም ሰንብቱ።