የቧንቧ ጥራትና የሠራተኛ ደኅንነት፦ በአንድ ሙቀት የሚወሰኑ ሁለት ጉዳዮች

በጉደር ወንዝ ዳር በመስኖ የሚያለማ አርሶ አደር የፒቪሲ ቧንቧ ሲገዛ የሚያመዛዝነው ዋጋውንና ውፍረቱን ነው። ይሁንና የቧንቧው ጥንካሬ በከፊል የሚወሰነው አስቀድሞ፣ ጥሬ ዕቃው በተመረተበት ሪአክተር ውስጥ ነው። የሀገራችን የቧንቧ ፋብሪካዎች የፒቪሲ ዱቄቱን ከውጭ አስገብተው በማቅለጥ ቅርጽ ይሰጡታል።

ይህ ሁኔታ እንዳለ ላይቀጥል ይችላል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመርቋል፤ በጎዴም የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። የተፈጥሮ ጋዝ ከማዳበሪያ ባሻገር ለፕላስቲክ ጥሬ ዕቃም መነሻ ሊሆን ስለሚችል፣ የሪአክተር ደኅንነት የሩቅ ሀገር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የሙቀት ቁጥጥር ለምን ያስፈልጋል?

ፒቪሲ የሚገኘው ቪኒል ክሎራይድ የተባለው ተቀጣጣይና ካንሰር አምጪ ጋዝ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ፣ ከውኃ ጋር እየተማሰለ፣ ሞለኪውሎቹ እንደ ሰንሰለት ሲያያዙ ነው። ሂደቱ በአብዛኛው ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይካሄዳል፤ ራሱም ሙቀት ያመነጫል። ማቀዝቀዣው ቢቋረጥ ሙቀቱ ሂደቱን ያፋጥነዋል፤ የተፋጠነው ሂደት ደግሞ ሙቀቱንና ግፊቱን ይጨምራል። በመሆኑም አስተማማኝ መለኪያ፣ የመጠባበቂያ ኃይል፣ ሂደቱን በአስቸኳይ የሚገታ ኬሚካልና የግፊት ማስተንፈሻ የግድ ያስፈልጋሉ።

በሌላ በኩል ሙቀቱ ከታቀደው ከፍ ሲል ሰንሰለቶቹ ያጥራሉ፤ የምርቱም ጥንካሬ ይቀንሳል። ስለዚህ ሠራተኛውን ከአደጋ የሚጠብቀውና የምርቱን ጥራት የሚያስጠብቀው ቁጥጥር አንድ ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2004 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ በፎርሞሳ ፕላስቲክስ ፋብሪካ በደረሰ ፍንዳታ 5 ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የመርማሪው ቦርድ እንደደመደመው፣ አንድ ሪአክተር ያጥብ የነበረ ሠራተኛ በስህተት በሥራ ላይ የነበረውን ሌላ ሪአክተር ቫልቭ ሳይከፍት አልቀረም። ቫልቩ በግፊት ጊዜ እንዳይከፈት የሚከለክል መቆለፊያ ቢኖረውም ሊታለፍ የሚችል ነበር። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያ ያለ ግልጽ አሠራር፣ ሥልጠናና ክትትል ዋስትና እንደማይሆን ነው።

ዜጎች ምን ማድረግ ይችላሉ?

• የአካባቢ ነዋሪዎች፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናት ሪፖርት ለሕዝብ ተደራሽ እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ይደነግጋል። ፋብሪካ ከመቋቋሙ በፊት ሪፖርቱን ይጠይቁ፤ ስለ ማቀዝቀዣው መቋረጥና ስለ ጋዝ ማፈትለክ የተያዘውን ዕቅድ ይመልከቱ።

• ሠራተኞች፦ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ የማሳወቅና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሠራተኛውም ጉድለት ሲያይ ሊያሳውቅ ይገባል።

• ሸማቾች፦ ቧንቧ ሲገዙ የአምራቹ ስም፣ የደረጃ ምልክትና የሚችለው የግፊት መጠን መታተሙን ያረጋግጡ፤ ደረሰኝዎንም ይያዙ።

ጥያቄው መቅረብ ያለበት ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከአደጋ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ የጠፋ ሕይወት አይመልስምና።